ሁለተኛው ዓይን

በአብነት ትምህርት ቤት «አራት ዓይና» የሚለው ማዕርግ ለአንድ ዕውቀት ባለቤት አይሰጥም። ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን አጣምሮ የያዘ፣ አራቱም ጉባኤ የቀናለት መምህር ነው እንዲህ የሚባለው። ስያሜው ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ሕዝቡ አንድን የትምህርት ዘርፍ እንደ አንድ ዓይን ቈጥሮታልና። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የፍትሐ ነገሥት ስፍራ ነው። ፍትሐ ነገሥት ለጀማሪ አይገለጥም። ንባቡን ያደላደለ፣ ዜማውን የቀመሰ፣ በቅኔ ቤት ሰም ከወርቅ ሲለይ የከረመ ተማሪ ነው ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር ወደ እርሱ የሚዘልቀው። ዳኝነት ከቋንቋ በኋላ ይመጣል የሚል እምነት፣ ማንም በደንብ ቍጥር ሳያሰፍረው፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለዘመናት ኖሯል።

ዘመናዊው የሕግ ትምህርት በሌላ በር ገባ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ከታወጁ በኋላ እነዚያን ትላልቅ መጻሕፍት አንብቦ በችሎት ላይ ሥራ ላይ የሚያውል ባለሙያ በብዛት አስፈለገ። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ሲለዋወጡ፣ ሥርዓተ ትምህርቱም ሲታደስ፣ ሕግ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት እንደ ሆነ ቈየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገው ማሻሻያም የትምህርቱ ዘመን ወደ አምስት ዓመት ከፍ አለ እንጂ ሌላ ትምህርት ይቅደመው አልተባለም። በአሜሪካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው በሌላ ዘርፍ ዲግሪውን የያዘ ሰው ነው፤ የቀድሞው ዘርፍ ታሪክም ይሁን ኬሚስትሪ የሚያስገድድ ደንብ የለም፤ በይበልጥ የሚመዘነው የውጤት አማካይና የመግቢያ ፈተና ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ሁለት ዋና ትምህርት ይዞ የሚማር ወጣት፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን ሌላ፣ ለሕግ ከማመልከቱ በፊት ሁለተኛውን ቢተው ይጐዳኝ ይሆን ብሎ ሲጨነቅ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ለማመልከቻው እምብዛም አይጐዳም። ሌላኛው ጥያቄ፣ ማለትም ለሰውየው ይጐዳል ወይ የሚለው፣ በማመልከቻ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

በኢትዮጵያ ተጨባጭ ሁኔታ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። እዚህ ተማሪ የሚመደበው በአንድ ዘርፍ ነው። ሁለት ዘርፍ የሚሻ ሰው ቀን አንዱን፣ ማታ ሌላውን ይማራል፤ ወይም አንዱን በመደበኛ፣ ሌላውን በርቀት ይይዛል። ይህ በአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀን በመሥሪያ ቤት ሲሠራ ውሎ ማታ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ክፍል የሚሮጠውን ሰው ያላየ ማን አለ? ሁለተኛው ትምህርት ለዚህ ሰው ቅንጦት አይደለም፤ የመጀመሪያው ቢከዳው የሚያዘግምበት ምርኩዝ ነው።

የኪነ ጥበቡ ቤተሰብም ነገሩን እንደ ባዕድ ጉዳይ ሊያየው አይችልም። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1959 በቺካጎ ከነበረው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ዲግሪ ማግኘታቸው በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ልውውጥ በማስተማር የታወቀ ነበር። ከዚያም ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ተሻግረው ቴአትር አጠኑ፤ ሕጉ ቀረ፣ መድረኩ ቀጠለ። ሆኖም በተውኔቶቻቸው ውስጥ ገጸ ባሕርያት እርስ በርስ የሚሟገቱበትን ኃይል ያስተዋለ ሰው «ቀረ» የሚለውን ቃል ለመጠቀም ማመንታቱ አይቀርም።

የፀጋዬ ምርጫ የነጻ ሰው ምርጫ ነበር። ይኸው ምርጫ በአጥር ውስጥ ሲደረግ ምን ይመስላል?

ከአዲስ አበባ መሐል ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ደቡብ ለሚወርድ መንገደኛ ቃሊቲ የከተማው ጫፍ ነበር፤ የፋብሪካ፣ የጉምሩክና የከባድ መኪና ሰፈር። አሮጌው ማዕከላዊ እስር ቤት፣ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ያለው፣ ከመሐል ከተማ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት በ2004 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የእስረኛው ስምና የቤተሰቡ እግር አስቀድሞ ወደ ቃሊቲ ዞሮ ነበር። ቤቶቹ ቈርቈሮ ነበሩ፤ ቀን የፀሐይ ምጣድ፣ ሌሊት የብርድ ጓዳ። ግቢው በዞን ተከፋፍሎ እስከ ስምንት ይቈጠር ነበር። በ2004 ዓ.ም. አንድ የጦማርያን ስብስብ ራሱን «ዞን ዘጠኝ» ብሎ የሰየመው ከዚህ ቈጠራ ተነሥቶ ነው፤ ዘጠነኛው ዞን ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር መሆኑ ነው።

አሁን አንድ ወጣት ይታሰብ። ስም አይኖረውም፤ የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን የብዙዎች ሁኔታ አንድ ላይ ተሰፍቶ የተሠራ ሰው ነውና። ከመታሰሩ በፊት ቀን ማኔጅመንት፣ ማታ የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ይማር ነበር እንበል። ማኔጅመንቱ የቤተሰብ ምክር ነው፤ አማርኛው የራሱ ነገር። በ2000 ዓ.ም. ተይዞ ፍርድ ተሰጠውና ቃሊቲ ገባ። ማኔጅመንቱን በርቀት ትምህርት ቀጠለ። አማርኛውንም አልጣለም፤ የቀድሞ የክፍል ጓደኞቹ ማስታወሻቸውን እየገለበጡ በእኅቱ በኩል ይልኩለት ጀመር፤ ሲወጣ ተመልሼ እጨርሰዋለሁ የሚል ሐሳብ ነበረው። ከዚያ ሦስተኛ ነገር መጣ። ሕግ።

ሕግ ለእስረኛ እንዴት እንደሚመጣ ከውጭ ያለ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ለሌላው ተማሪ ሕግ የሙያ ስም ነው፤ ለእርሱ ግን የሕይወቱ ሰነድ የተጻፈበት ቋንቋ ነው። የክስ ማመልከቻው፣ የምስክሮች ቃል፣ የፍርድ ግልባጩ፣ ሁሉም ስለ እርሱ የሚናገሩት እርሱ በማይናገረው አማርኛ ነው። ስለዚህ በማረሚያ ቤት ውስጥ ይግባኝ መጻፍ የሚችል እስረኛ የተለየ ክብር አለው። ሻይ ይጋበዛል፤ የመኝታ ቦታ ይለቀቅለታል፤ ሌሊት ድረስ ወረቀት ይዞ የሚጠብቀው ሰው አያጣም። ወጣቱ ይህን አየ። የራሱን መዝገብ ደጋግሞ ሲያነብም አንድ ጽኑ ሐሳብ በኅሊናው ውስጥ ተተከለ፤ ማኔጅመንቱን ጨርሶ ሕግ በርቀት መያዝ። ለዚህ ሲባል ደግሞ አማርኛው መቅረት አለበት።

ለምን መቅረት አለበት? የእስረኛ ጊዜ ሞልቶ የተረፈ አይደለምን? ውጭ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። በቃሊቲ የሚጐድለው ጊዜ አይደለም። የሚጐድለው ብርሃን ነው፤ ሰው በሰው ላይ በተኛበት አዳራሽ ውስጥ ደብተር የሚዘረጋበት ክንድ የምታህል ቦታ ናት፤ ጸጥታ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጐድለው የእኅቱ እግር ነው። እኅቱ ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ በሁለት ታክሲ፣ አንዳንዴም በሦስት። በአንድ እጇ ምሳ ዕቃ፣ በሌላው ፌስታል። በፌስታሉ ውስጥ ሞጁልና ደብተር አለ። እያንዳንዱ ወረቀት በር ላይ ይገለጣል፤ የተፈቀደው ይገባል፣ ያልተፈቀደው ይመለሳል። ሁለት ትምህርት ማለት ሁለት ፌስታል፣ ሁለት ፍተሻ፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ጊዜ መመለስ ነው። የምዝገባ ክፍያው ከእርሷ ደመወዝ ይወጣል። ሦስተኛ ሲጨመር ከሦስቱ አንዱ ከእርሷ ጕልበት ላይ ካልወረደ መኖር አይችልም።

በአጥሩ ማዶ፣ ሌላው ጠያቂ ሁሉ በሚጮኽበት ሰዓት፣ እርሱም ጮኾ ነገራት።

«እታለም፣ የአማርኛውን ደብተር ከእንግዲህ አታምጪው።»

«ምነው? አልሆነልህም?»

«ሆኖልኛል። ሕግ ልይዝ ስላሰብኩ ነው።»

«ሁለቱን ብትይዝስ?»

«ማን ይሸከመዋል?»

«ሸክሙን ለእኔ ተውልኝ።»

አልተወላትም። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሮቹን በባዶው ምሳ ዕቃ ፌስታል አድርጎ መለሰላት። ይህን ውሳኔ በቀላሉ መንቀፍ አይቻልም፤ ከፍቅር የመነጨ ነውና። አርቆ አሳቢነትም አለበት። ግማሽ ትምህርት ሦስት ቦታ ከመያዝ አንዱን ከዳር ማድረስ ይሻላል የሚለው ምክር ከአጥር ውጭም የሚሠራ ነው። በወረቀት ደረጃ ከታየ ትክክል ነበር። ሕግ ትምህርት ቤት የአማርኛ ማስታወሻ አምጣ አይልም።

ነገር ግን እርሱ ደብተሮቹን በመለሰበት ዓመት፣ እዚያው ቃሊቲ ውስጥ፣ አንዲት የሕግ ሰው በአንድ ቃል ምክንያት ታስረው ነበር። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠኑ፣ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በዳኝነት የሠሩ ናቸው። ከምርጫ 97 በኋላ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከሌሎች የተቃዋሚ መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ በስዊድን ስለዚያ ይቅርታ ያደረጉት ንግግር ክርክር አስነሣ። የክርክሩ እምብርት የግስ ጉዳይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይቅርታው በሕጉ አግባብ ተጠይቆ የተሰጠ ነው? ወይስ በሽማግሌዎች አማካይነት የተደረሰበት ስምምነት ፍሬ? «ጠየቀ» በሚለው ግስ ውስጥ ማን አድራጊ፣ ማን ተቀባይ ነው? መንግሥት ንግግራቸውን በይፋ እንዲያስተባብሉ ቀን ቈረጠላቸው። እርሳቸው ግን «ቃሌ» በሚል ርእስ ጽሑፍ አውጥተው አቋማቸውን አስረዱ፤ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተመልሰው ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱም ጸና። የወጡት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው።

ስለ ፖለቲካው የየራሱ አስተያየት ያለው አንባቢ ብዙ ነው፤ ያ ለጊዜው ይቈይ። ለሥነ ጽሑፍ ሰው የሚታየው ሌላ ነገር ነው። አንድ የቀድሞ ዳኛ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጥቂት ጊዜ የታሰሩት በሕግ አንቀጽ ብዛት ሳይሆን፣ ማንኛውም የአራተኛ ክፍል ተማሪ በሚያውቃት አንዲት ግስ ትርጕም ላይ ነው። ጽሑፋቸውንም «መከላከያ» ወይም «መግለጫ» አላሉትም፤ «ቃሌ» አሉት። በአማርኛ ቃል ማለት ድምፅም ነው፣ መሐላም ነው፣ በችሎት የሚሰጥ ምስክርነትም ነው። ሦስቱን በአንድ ርእስ የያዘ ሰው የሕግ ትምህርቱን ብቻ እየተጠቀመ አልነበረም። ሰም ከወርቅ ሲለይ የከረመ ተማሪ ብቻ ወደ ፍትሐ ነገሥት ይዝለቅ ያሉት አበው ይህን ቢያዩ የሚደነቁ አይመስልም።

በእስር ቤት ሕግ የተማረ ሰው ሲነሣ ዓለም ሁሉ የሚያስታውሰው ኔልሰን ማንዴላን ነው። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጥተው በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ያገኙት ማንዴላ የሕግ ዲግሪ ትምህርት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1943 በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሳይጨርሱ ወጡ። በሮበን ደሴት ሳሉ በለንደን ዩኒቨርሲቲ የርቀት ተማሪ ሆነው ደከሙ፤ በምስጢር የጻፉት የሕይወት ታሪክ ስለተገኘባቸው የመማር ፈቃዳቸው ለአራት ዓመት ተነጠቀ። ዲግሪውን ያገኙት ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከተጀመረ ከ46 ዓመት በኋላ። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የጽናት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። እውነት ነው፤ ግን በውስጡ ያለው ሌላው ነገር መዘንጋት የለበትም። የእስረኛ ትምህርት በእስረኛው ፈቃድ ብቻ አይቆምም። ቍልፉ የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። በቃሊቲም ጋዜጠኛና መምህርት ርዕዮት ዓለሙ፣ ከሰኔ 2003 እስከ ሐምሌ 2007 ዓ.ም. በእስር የቈዩት፣ በርቀት ለሚከታተሉት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚያስፈልጋቸው መጽሐፍ እንዳይገባ መከልከሉን የሰብአዊ መብትና የጋዜጠኞች ድርጅቶች በ2005 ዓ.ም. ገልጸው ነበር።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ማኔጅመንቱን በ2002 ዓ.ም. ክረምት ጨረሰ። እኅቱ ለሕግ ምዝገባ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅማለች። መስከረም ይጠበቃል። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በነሐሴ፣ የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ወጣ። የርቀት ትምህርት ታገደ፤ የግል ተቋማት ደግሞ በሕግና በመምህርነት ዘርፍ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበሉ ተከለከሉ። ምክንያቱ የትምህርት ጥራት ነው ተባለ። የጥራቱ ጉዳይ ባዶ ወሬ አልነበረም፤ በችሎት የቆመ ሰው የጠበቃው ዕውቀት ስስ መሆኑን ሲያይ የሚደርስበትን የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይክድም። ሆኖም መመሪያውን ያረቀቁት ሰዎች ዓይን የነበረው በከተማው ሕንፃዎች ላይ በተሰቀሉት የኮሌጅ ማስታወቂያዎች ላይ ነው። ከርቀት በቀር ሌላ የትምህርት በር የሌለው ሰው በቈርቈሮ ቤት ውስጥ መኖሩ ማንንም ያስጨነቀ አይመስልም። ለሌሎች ዘርፎች እገዳው ከጊዜ በኋላ ሲላላ፣ ሕግና መምህርነት ለመንግሥት ተቋማት ተከልለው ቈዩ።

ዜናውን ያመጣችው እኅቱ ነበረች። በአጥሩ ማዶ መጮኽ ስላልቻለች ጋዜጣውን በምሳ ዕቃው ዙሪያ ጠቅልላ ላከችለት። እርሱም አንብቦ አጣጠፈው፤ ለብዙ ቀን ምንም አላለም።

ወይዘሪት ብርቱካን ከእስር ከወጡ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በሃርቫርድ የመንግሥት አስተዳደር ተማሩ። ከሕግ ቀጥሎ የመጣ ሁለተኛ ዓይን ማለት ነው። ተመልሰው በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ሠሩ። ለወጣቱ ግን እንዲህ ያለ መንገድ አልተከፈተም። እርሱ የተረፈው ከማኔጅመንት ዲግሪውና ከመለሰው ደብተር ጋር ነው።

መመሪያው ከወጣ በኋላ በሚቀጥለው ኅዳር ላይ በአንድ ዞን አብረውት የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ይግባኝ እንዲጽፍላቸው ጠየቁት። የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ በጐደለ ንብረት ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። ሕግ አለመማሩን ነገራቸው። «የሚጽፉት ሁሉ መቼ ተማሩ ልጄ» አሉት። ሲያወሩለት ጻፈ፤ ጽፎ አነበበላቸው። ከመሐል አስቆሙት።

«ምን አልክ? ተረከብኩ?»

«አዎ፣ ጋሼ። ሥራውን ሲጀምሩ ንብረቱን ተረከብኩ ብለውኛል።»

«እኔ እንዲያ አላልኩም። ቍልፍ ተቀበልኩ እንጂ ንብረት አልተረከብኩም። ማን ቈጥሮ አስረከበኝ?»

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠ። የክስ ማመልከቻውን ከሥር አውጥቶ አየ፤ «ተረክቦ» ይላል። የፍርዱን ግልባጭ አየ፤ «መረከቡ በመረጋገጡ» ይላል። የሽማግሌው የተከሳሽነት ቃል ግን፣ በፖሊስ ጣቢያ በእጅ ጽሑፍ የሰፈረው፣ «ተቀብያለሁ» ነው የሚለው። ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ግሱ ተለውጧል፤ ማንም ልብ አላለውም። ምናልባት ጠበቃቸውም እንኳ። መቀበል የእጅ ሥራ ነው፤ መረከብ ግን ቈጠራና ፊርማ ያለበት፣ ኀላፊነትን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግር ድርጊት ነው። ይህን ያስተማረው የማኔጅመንት ሞጁል አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ እኅቱን ደብተሮቹ የት እንዳሉ ጠየቃት። አልጣለቻቸውም፤ ከአልጋዋ ሥር፣ በካርቶን ውስጥ ናቸው። አንድ በአንድ እንድታመጣቸው ነገራት። ከእነርሱ ጋር የደስታ ተክለ ወልድን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ከሰው ተውሳ ብታመጣለት ወደደ። መጽሐፉ በ1962 ዓ.ም. የታተመ፣ ከሺህ ገጽ የሚያልፍ፣ ለአንድ እጅ የሚከብድ ነው። ከባድ መሆኑን አስቀድሞ ነገራት።

መጀመሪያ የገባው ግን ደብተር ነበር፤ የማታው ክፍል የቅኔ ማስታወሻ፣ ከግማሹ በኋላ ገጹ ባዶ የሆነ። የሽማግሌው ይግባኝ ሁለተኛ ረቂቅ የተጻፈው በእነዚያ ባዶ ገጾች ላይ ነው።